የሲኒክ ባይዌይ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር የሚፈራረመው ስምምነት፦ አዘገጃጀትና አጻጻፍ

አሜሪካ ውስጥ ሲኒክ ባይዌይ የሚባለው፣ በተፈጥሮው ወይም በታሪኩ ተመርጦ ዕውቅና የተሰጠው የመኪና መንገድ ነው። አስፋልቱን የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጠግነዋል። ጫካው የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ይሆናል፣ ከጫካው ወዲህ ያለው እርሻ የግለሰብ ነው፣ ሙዚየሙን ደግሞ የካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) የታሪክ ማኅበር ይይዘዋል። ይህን ሁሉ አስተሳስሮ የሚያንቀሳቅሰው የባይዌይ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተቀጣሪ ያለው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ተቀጣሪ የሌለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። የራሱ የሆነ አንድ ሜትር መንገድ የለውም። በእጁ ያለው ከሌሎች ጋር የገባው ስምምነት ብቻ ስለሆነ፣ ስምምነቱ በቃል ከቀረ ድርጅቱም በቃል ቀረ ማለት ነው።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ለዓመታት የረዳንን የካውንቲ ሹም “ፈርምልን” ማለት ይከብደናል። ሰውየው ግን ጡረታ ይወጣል፣ ይዛወራል፣ በምርጫ ይሸነፋል። የሚተካው ሰው የሚያውቀው ፋይሉ ውስጥ ያገኘውን ነው። እንግዲህ ወረቀቱ የሚዘጋጀው ግንኙነቱ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ነው፤ ቅሬታ ከተነሣ በኋላ የሚጻፍ ውል ሁሉም ወገን እየተጠራጠረ የሚጽፈው ነው።

ከታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ብሔራዊው የባይዌይ ፕሮግራም በ1991 በወጣ የትራንስፖርት ሕግ ተቋቋመ። በ2021 መጀመሪያ 49 መንገዶች ሲጨመሩ ቁጥሩ በ48 ስቴቶች 184 ደርሷል። ሁለት ደረጃዎች አሉት፦ ናሽናል ሲኒክ ባይዌይና ከሱ ከፍ ያለው ኦል አሜሪካን ሮድ። የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው አካባቢዎች እንጥቀስ ብንል፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ሜሞሪያል ፓርክዌይና ከሲያትል በአይ-90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚወስደው ማውንቴንስ ቱ ሳውንድ ግሪንዌይ ከነዚህ መካከል ናቸው። በመንገዱ አቅራቢያ ያለ የኮሚዩኒቲ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ምግብ ቤትም አጋር ሊሆን ይችላል፤ የሚከተለው አሠራር ለነሱም ያገለግላል።

መጀመሪያ የራሳችሁን የመፈረም ሥልጣን አጣሩ

እድር የመራ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ፈራሚው ማን እንደሆነ ያያል። እዚህም ያው ነው። አራት ወረቀቶች በአንድ ፋይል ይኑሩ፦ ከስቴቱ የተሰጠ የምሥረታ ሰነድ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ከአይ.አር.ኤስ (ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) የተሰጠ የመለያ ቁጥር (ኢ.አይ.ኤን)፣ ከግብር ነፃ መሆናችሁን የሚገልጸው የ501(ሲ)(3) ደብዳቤ። ደብዳቤው መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ዓመታዊ ገቢው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ድርጅት ፎርም 990-ኤን የሚባለውን አጭር ማስታወቂያ በየዓመቱ በኢንተርኔት መላክ አለበት፤ 3 ዓመት በተከታታይ ሳይላክ ከቀረ ከግብር ነፃ መብቱ ማንም ሳይወስን በራሱ ይሰረዛል። ገንዘብ ያዡ በተለወጠ ቁጥር የሚረሳው ይህ ነው። አይ.አር.ኤስ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን ፈልጋችሁ መብታችሁ አሁንም የጸና መሆኑን አረጋግጡ፤ አጋሮቻችሁም ከመፈረማቸው በፊት ያንኑ ያደርጋሉ።

ቀጥሎ ቦርዱ ተሰብስቦ ስምምነቱን የሚፈርመውን ይወስን፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የሰው ስም ሳይሆን የኃላፊነት ቦታ ጻፉ፦ “ፕሬዚዳንቱ፣ እሱ ከሌለ ምክትሉ”። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የጽሑፍ ውልን በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ስለሚያዝ ብዙዎቻችን ምስክር ፍለጋ እንሄዳለን። አሜሪካ ውስጥ በእንዲህ ዓይነቱ ስምምነት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ምስክር ሳይሆን ፈራሚው ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየው የቦርድ ውሳኔ ነው።

ሕጋዊ ሰውነት ገና ካላገኛችሁ በፊስካል ስፖንሰር መጀመር ትችላላችሁ፤ ማለትም 501(ሲ)(3) ያለው ሌላ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ በስሙ ያስተዳድርላችኋል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከገቢው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ውሉ ላይ “ገንዘቡ የእኛ ነው፣ እነሱ አደራ ያዥ ብቻ ናቸው” ብላችሁ አትጻፉ። ስፖንሰሩ በገንዘቡ ላይ የመወሰን ሥልጣን ከሌለው ለጋሹ የግብር ቅናሽ የማግኘት መብቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይልቅስ ደረሰኝ ባቀረባችሁ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ የራሳችሁን ድርጅት ስታቋቁሙም ቀሪው ሂሳብ እንዴት እንደሚተላለፍ በግልጽ ይጻፍ።

ሥራዎቹን ከዕቅዱ አውጥታችሁ ዘርዝሩ

ብሔራዊ ዕውቅና የሚፈልግ መንገድ ሁሉ የመንገድ መስመር አስተዳደር ዕቅድ ያስፈልገዋል። በግንቦት 1995 የወጣው የፌዴራል ፖሊሲ ለዚህ ዕቅድ 14 ነጥቦችን አስቀምጧል። ከነሱ አንዱ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት፣ ማኅበርና ግለሰብ ያለበትን ኃላፊነት ከነጊዜ ሰሌዳው፣ እንዲሁም አፈጻጸሙ የሚገመገምበትን መንገድ መዘርዘር ነው። ስምምነታችሁ የሚወለደው ከዚህ ነጥብ ነው። ብዙ ድርጅቶች ዕቅዱን ለማመልከቻ ያዘጋጁትና መደርደሪያ ላይ ይረሱታል፤ ከዚያ ስምምነቱን ከባዶ ወረቀት ሲጀምሩ ሁለቱ ሰነዶች ይጋጫሉ።

አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ሥራው፣ ሠሪው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የገንዘቡ ምንጭ፣ ሠሪው ባይችል የሚተካው። ከዚያ ባዶ የቀሩትን ሣጥኖች እዩ። አዲስ ነገር ለመትከል፣ ለማስመረቅና ለማስተዋወቅ ፈቃደኛ አይጠፋም። ባዶ የሚሆነው የማጠቡ፣ የማጨዱ፣ የመጠገኑና የተሰበረውን የመተካቱ ሣጥን ነው። ድርድራችሁን ከዚያ ጀምሩ።

የሰነዱን ዓይነት ምረጡ

የመግባቢያ ሰነድ ዓላማንና የሥራ ክፍፍልን ይገልጻል፤ ገንዘብ ግን አያንቀሳቅስም። ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ተከፋይ አገልግሎት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ከሆነ አስገዳጅ ውል ያስፈልጋል። በመንገዱ የወሰን ክልል ውስጥ አንድ ምሰሶ እንኳ ለመትከል ከሁለቱም የተለየ ፈቃድ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ይወጣል። ሦስቱን በአንድ ሰነድ መጠቅለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ የአንዱ ወገን የሕግ ክፍል የገንዘቡን አንቀጽ አልወድም ሲል አጨዳውም አብሮ ይቆማል።

ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር ስትዋዋሉ የራሳቸው ቅጽ አላቸው። ብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር ለምሳሌ ስምምነቶችን በዳይሬክተሩ ትእዛዝ ቁጥር 20፣ የልገሳ አጋርነትን ደግሞ በቁጥር 21 ይመራል። ቅጻቸውን ተቀበሉና ጉልበታችሁን የሥራ ክፍፍሉ ላይ አውሉ። “ሥራው የሚፈጸመው በጀት ሲፈቀድ ነው” የሚል አንቀጽ ስታዩ እንደ ማፈግፈጊያ አትቁጠሩት፤ ኮንግረስ ያልፈቀደውን ገንዘብ ቃል መግባት በሕግ ስለተከለከለ ነው።

አንቀጾቹን ጻፉ፤ ግሦቹን መርምሩ

የሚፈረመው ሰነድ በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምናሳየው ይዘቱን ነው። አንድ ረቂቅ ደካማ መሆኑ የሚታወቀው በግሦቹ ነው። ይደግፋል፣ ይተባበራል፣ የተቻለውን ጥረት ያደርጋል የሚሉት ማንንም አይዙም። ያጭዳል፣ ይከፍላል፣ ያስረክባል፣ በ5 ቀን ያሳውቃል የሚሉት ይይዛሉ።

በመንገድ ዳር ማረፊያ ላይ የሚቆመውን የገለጻ ሰሌዳ እንውሰድ። ብዙ ጊዜ ገጹ 24 በ36 ኢንች ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ ወደ አንባቢው ዘንበል ተደርጎ በሁለት እግር ይቆማል። ደካማው አንቀጽ “ካውንቲውና ድርጅቱ ሰሌዳዎቹን በጋራ ይንከባከባሉ” ይላል። በጋራ የተባለ ነገር ሁለቱም ሌላውን ይጠብቁበታል፤ ሦስተኛው ክረምት ላይ ሰሌዳው ተቧጭሮ፣ ሣር ውጦት ይገኛል። የሚሠራው አንቀጽ እንዲህ ነው፦

“ካውንቲው በ12ኛው ማይል ማረፊያ ያሉትን ሁለት ሰሌዳዎች ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በወር አንድ ጊዜ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ ያጥባል። በዙሪያቸው 10 ጫማ ድረስ ያለውን ሣር በየሁለት ሳምንቱ ያጭዳል። ጉዳት ሲያይ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቃል። ድርጅቱ የተጎዳውን የሰሌዳ ገጽ በ90 ቀናት ውስጥ በራሱ ወጪ ይተካል። እግሩንና መሠረቱን የሚጠግነው ካውንቲው ነው።”

ገጹን ከእግሩ የለየነው ያለ ምክንያት አይደለም። ገጹ ጽሑፍና ሥዕል ስላለበት ባለቤቱ ድርጅቱ መሆን አለበት፤ እግሩና ኮንክሪቱ ቁፋሮና ማሽን ስለሚፈልጉ ካውንቲው ይቀለዋል። ሌላ ሦስት ነገር ጨምሩበት።

ለገጹ የሚያገለግለው በከፍተኛ ግፊት የተጠቀጠቀ ላሚኔት ብዙ ጊዜ ለ10 ዓመት ዋስትና ይሸጣል፤ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር የሚገባ የመግባቢያ ሰነድ ግን አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ነው። ሰሌዳው ገና ሳያረጅ ስምምነቱ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ የጥገና ግዴታው ሰሌዳው እስካለ ድረስ እንዴት እንደሚቀጥል ይጻፍ፤ የመተኪያው ዋጋ አንድ ዐሥረኛም በየዓመቱ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ።

የሰሌዳው የሕትመት ፋይል በሁለት ወገን እጅ ይኑር። ንድፉን የሠራው ባለሙያ ከጠፋ አንድ የተቧጨረ ሰሌዳ ለመተካት ከጽሑፉ ጀምሮ እንደ አዲስ መክፈል ይመጣል።

ምሰሶው ከመንገዱ ጠርዝ ያለው ርቀት በፈቃዱ ላይ ይጠቀስ። ለጉዞ መስመሩ ቅርብ የሆነ ምሰሶ መኪና ሲመታው በቀላሉ የሚሰበር ዓይነት እንዲሆን ይጠየቃል። በረዶ በሚበዛበት ተራራ ደግሞ በረዶ ጠራጊው መኪና የሚገፋው ክምር የት ላይ እንደሚወድቅ ከሹፌሩ ጋር በቦታው ሆናችሁ እዩ፤ በካርታ ላይ የተመረጠ ቦታ በአንድ ክረምት ሊታጠፍ ይችላል።

የገንዘብ ክፍፍሉን አስሉ

የባይዌይ ፕሮግራሙ የፌዴራል ገንዘብ ለስቴቶችና ለነባር ሕዝቦች መስተዳድሮች ነው የሚሰጠው፤ ድርጅታችሁ በእነሱ በኩል ንዑስ ተቀባይ ይሆናል። በ2012 የወጣው ሕግ ለፕሮግራሙ የተለየውን በጀት አስቀርቶት ነበር፤ ከዚያም በኋላ የተመደበው ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ አንድም የዘወትር ሥራ በዚህ ገንዘብ ላይ አታንጠልጥሉ።

የፌዴራሉ ድርሻ 80 በመቶ፣ የእናንተ 20 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ስሌት አለ። 20 በመቶው የሚሰላው ከጠቅላላው ወጪ እንጂ ከፌዴራሉ ገንዘብ አይደለም። ፕሮጀክቱ 50,000 ዶላር ከሆነ ፌዴራሉ 40,000፣ እናንተ 10,000 ታዋጣላችሁ። የ40,000ውን 20 በመቶ አስልቶ 8,000 ይዞ የመጣ 2,000 ዶላር ጎድሎበታል።

የእናንተ ድርሻ፣ ማቺንግ ፈንድ የሚባለው፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም። 12 በጎ ፈቃደኞች በቀን 5 ሰዓት ለ4 ቀን ቢሠሩ 240 ሰዓት ነው፤ ለዚያ ሥራ በአካባቢው የሚከፈለው በሰዓት 20 ዶላር ከሆነ 4,800 ይቆጠራል። ከፌዴራል ገንዘብ ደመወዝ የማይከፈለው የካውንቲው መሐንዲስ 60 ሰዓት በ45 ዶላር 2,700 ይሆናል። የንግድ ምክር ቤቱ 2,500 በጥሬ ቢሰጥ 10,000 ሞላ። በኦዲት ጊዜ የሚጣል ሰዓት ስለማይጠፋ 12,000 ያህል አቅዱ።

የሰዓቱ ዋጋ የሚተመነው በሚሠራው ሥራ እንጂ በሠራተኛው ማንነት አይደለም። ቆሻሻ የሚለቅም ሐኪም በቆሻሻ ለቃሚ ዋጋ ይቆጠራል። በተቃራኒው ሙያውን በነፃ የሰጠ ተርጓሚ በተርጓሚ ዋጋ ይሰላል። ኦል አሜሪካን ሮድ ለመሆን የሚያመለክት መንገድ ለውጭ አገር ጎብኚዎች በተለያዩ ቋንቋዎች መረጃ የሚሰጥበትን ዕቅድ ማቅረብ ስላለበት፣ የአማርኛ ትርጉም የሚሠራ የኮሚዩኒቲ ማኅበር እዚህ ላይ እውነተኛ መዋጮ አለው።

መዋጮው ውድቅ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ሥራው ስጦታው (የፌዴራሉ ገንዘብ) ከመጽደቁ በፊት ከተሠራ ነው፤ በጸደይ የተካሄደ ጽዳት በሐምሌ ለተፈረመ ስጦታ አይቆጠርም። ሁለተኛው ያው ሰዓት ለሌላ የፌዴራል ስጦታም ከተቆጠረ ነው። ሦስተኛውና በጣም የበዛው ወረቀት ማጣት ነው። የሰዓት መመዝገቢያው ስም፣ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የሠራው ሥራ፣ የራሱ ፊርማና የተቆጣጣሪው ፊርማ ይኑረው። ቅጹን በዕለቱ፣ በሥራው ቦታ አስፈርሙ፤ ከወር በኋላ በትዝታ የተሞላ ቅጽ በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ ጽሕፈት ራሱን ያጋልጣል። ሰነዶቹ የመጨረሻው የሂሳብ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያሉ።

ሌላው የሚያስደነግጠው ገንዘቡ የሚመጣው ወጪ ካደረጋችሁ በኋላ መሆኑ ነው። ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ክፍያ ሲጠይቅ ስቴቱ ገና ደረሰኝ እየመረመረ ይሆናል። ባንክ ውስጥ ያን ያህል ገንዘብ ከሌላችሁ፣ ካውንቲው ለተቋራጩ ቀድሞ ከፍሎ ተመላሹን እንዲወስድ በውሉ ላይ አስገቡ። ይህ አንድ አንቀጽ ትንንሽ ድርጅቶችን ከውርደት ያድናል።

ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው

የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለእናንተ ጥፋት ያልተወሰነ ካሳ ልክፈል ብሎ መፈረም አይችልም፤ ብዙ ስቴቶችም እንደዚያው ናቸው። ይህን አንቀጽ በመጠየቅ ሁለት ወር አታባክኑ። “እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ድርጊት ተጠያቂ ነው” የሚለው ይበቃል። ከእናንተ የሚጠየቀው የኃላፊነት መድን ብዙ ጊዜ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ካውንቲው ወይም ስቴቱ እንደ ተጨማሪ መድን ገቢ ስሙ እንዲሰፍር ይፈልጋል። በ1997 የወጣው የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ ሰውየውን እንጂ ድርጅቱን አይጠብቅም፤ ሰውየውንም ቢሆን መኪና እየነዳ ያደረሰው ጉዳት ላይ አይሸፍነውም። በደን አገልግሎቱ መሬት ላይ ለምትሠሩት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን የበጎ ፈቃደኛ ቅጽ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አስፈርሙ፤ ሰውየው ቢጎዳ እንደ ፌዴራል ሠራተኛ የሚታየው በዚያ ቅጽ ነው። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ካሉ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል።

ፎቶግራፍን በአንድ አንቀጽ ጨርሱት። በጎ ፈቃደኛ ያነሣው ፎቶ የድርጅቱ አይደለም፤ በፊርማ ካላስተላለፈ ወይም የመጠቀም ፈቃድ ካልሰጠ የቅጂ መብቱ የራሱ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳም ጉዳይ ይነሣል፦ ዕውቅና ባገኘ ባይዌይ ላይ ያሉ ዋና ዋና የፌዴራል አውራ መንገዶች ዳር ከንግድ ቤቱ ግቢ ውጭ አዲስ የማስታወቂያ ሰሌዳ መትከል በሕግ ተከልክሏል። ሥራቸው በመንገዱ ዳር የሆነ ነጋዴ አጋሮች ከመፈረማቸው በፊት ይህን ከእናንተ አፍ ይስሙ፤ በኋላ ከሌላ ሲሰሙት እንደ ክህደት ይቆጥሩታል።

አስፈርሙ

ረቂቁ ለሁሉም ከመላኩ በፊት ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ያንብበው። የአጨዳ ኃላፊው “በየሁለት ሳምንቱ አንችልም፣ በየወሩ እንችላለን” ካለ ወር ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ለየወገኑ የሕግ ባለሙያ ይሂድ። የካውንቲ ኮሚሽን በአጀንዳ አስታውቆ በይፋ ስብሰባ ስለሚያጸድቅ ቢያንስ ሦስት ወር ያዙ። ረቂቁን ለማሻሻል ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት ወገን በቅድሚያ ይፈርም፤ ብዙ ጊዜ ያ የፌዴራሉ ወይም የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው። እናንተ መጀመሪያ ከፈረማችሁ በኋላ እነሱ አንዲት ቃል ቢቀይሩ ቦርዳችሁ እንደገና መሰብሰብ አለበት።

በየዓመቱ አንድ ቀን፣ በተለይ በጀት ከመያዙ በፊት፣ ሠንጠረዡን ይዛችሁ ተገናኙና ያልተሠራውን በስሙ አንሡ። የተቀየረ ነገር ካለ በኢሜይል ተስማምታችሁ አትለፉት፤ በአንድ ገጽ ማሻሻያ ተፈርሞ ከዋናው ጋር ይያያዝ። የሚያበቃበት ቀን ከመድረሱ 6 ወር አስቀድማችሁ እድሳቱን ጀምሩ።

መለያየትም ይጻፍ። ማንኛውም ወገን በ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ መውጣት ይችላል በሉ፤ ከዚያ የሚቀረውን ንብረት ዘርዝሩ፦ ሰሌዳዎቹ፣ አርማው፣ የተለየው ሂሳብ፣ የሕትመት ፋይሎቹ፣ የድረ ገጹ ስምና የማኅበራዊ ገጾቹ የይለፍ ቃል። የድረ ገጹ ስም በአንድ በጎ ፈቃደኛ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ ከሆነ ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ወደ ድርጅቱ ኢሜይል አዛውሩት።